ደረቅ የመሰለው ጥሻ፦ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቻፓራል ለማየት የሚረዳ መመሪያ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ በሚባለው ሠፈር ምሳውን በልቶ የወጣ ሰው ወደ ሰሜን ቀና ቢል ኮረብታዎችን ያያል። በበጋ ቡናማ ናቸው፤ አቧራ ለብሰው ነፍስ ያለው ነገር የማይኖርባቸው ይመስላሉ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሥራቸው እየነዳሁ አልፌያለሁ። አንድ ቀን እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታ ግሪፊዝ ፓርክ ወሰድኳት። ከመንገዱ ዳር ያለውን ግራጫ ቁጥቋጦ ቅጠል በጣቶቿ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «ይህማ አሪቲ ነው!» አለች። ቤት ገብቼ ባጣራ እውነቷን ነበር። ተክሉ የካሊፎርኒያ አርቴሚዝያ ይባላል፤ ከአሪቲያችን ጋር የአንድ ወገን ዘር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያው ዳገት እመላለሳለሁ። ከዚህ በታች የማካፍለው በእነዚያ ምልልሶች የተማርኩትን አሠራር ነው።

የዚህ ምድር ልብስ ቻፓራል ይባላል። ቃሉ የመጣው ስፓኒሾች አጭሩን የኦክ ቁጥቋጦ ከሚጠሩበት «ቻፓሮ» ነው። ከእኛ ቃላት የሚቀርበው «ጥሻ» ነው፦ ከሰው ደረት ጀምሮ እስከ ሁለት ሰው ቁመት የሚደርስ፣ ቅጠሉ ትንሽና ጠንካራ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሰው የማያሳልፍ። የሚያበቅለው አየር ንብረት ክረምቱ ቀዝቃዛና ዝናባማ፣ በጋው ሞቃትና ደረቅ የሆነ ነው። እንዲህ ያለው አየር በዓለም ላይ የሚገኘው በአምስት አካባቢዎች ነው፦ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በመካከለኛው ቺሌ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ እንዲሁም በደቡብና በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ። በሁሉም ዘንድ መልኩ የሚመሳሰል ጥሻ በቅሏል።

መጀመሪያ፦ አንድ ዳገት ይምረጡ

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሩቅ በመሄድ ነው። ጫፍ ላይ ለመድረስ አሥር ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ ሰው የሚያስታውሰው መንገዱን እንጂ ጥሻውን አይደለም። ከቤትዎ ቅርብ የሆነ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእግር መንገድ ይምረጡና ዓመቱን ሙሉ እርሱኑ ይመላለሱበት። በወር ሁለት ጊዜ ከሄዱ ይበቃል። ማንኛውም ለውጥ የሚታየው ያለፈውን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት እንቡጥ የነበረውን ያላየ ሰው አበባው ዛሬ ቀድሞ መፍካቱን በምን ያውቃል?

ሎስ አንጀለስ ላሉ ግሪፊዝ ፓርክ ቅርብ ነው፤ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ አብዛኛውም ተዳፋትና ሸለቆ ነው። ወደ ምዕራብ ከሄዱ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ብሔራዊ መዝናኛ ሥፍራና በውስጡ ያለው ማሊቡ ክሪክ ፓርክ ይገኛሉ። ሳን ዲዬጎ ለሚኖሩ ሚሽን ትሬይልስ የተባለው ፓርክ ከከተማው ሳይወጡ ይደረሳል።

መንገዱን ሲመርጡ በአንድ ጎኑ ደቡብ የሚያይ፣ በሌላ ጎኑ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ያለው ይሁን። ደቡብ የሚያየው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ያሉ፣ ግራጫ ወይም መርፌ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ይይዙታል። ሰሜን የሚያየው ጥላና እርጥበት አለው፤ ኦክ፣ ቶዮን፣ አንዳንዴም ከሥራቸው ፈርን ይበቅሉበታል። መንገዱ ታጥፎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቆም ብለው በሁለቱም በኩል ያሉትን ተክሎች ያነጻጽሩ። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡም አንድ ሆኖ የፀሐይ አቅጣጫ ብቻ ሁለት የተለያዩ ጥሻዎችን እንዴት እንደሚያበቅል በዓይንዎ ያያሉ። በእኔ እምነት ስለ ቻፓራል ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን በእኛ ቃል ይቁጠሩት

የአማርኛ ወቅቶች እዚህ ይጠቅማሉ። ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው፣ በጋ ስንል ደረቅ። በካሊፎርኒያም ትርጉሙ እንደዚያው ይሠራል፤ የተገላበጡት ወራቱ ናቸው። ዝናቡ የሚጥለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም የሚጥል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዓመት የሚወርደውም ትንሽ ነው፦ ሎስ አንጀለስ በአማካይ ወደ 370 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ። ተክሎቹ ውኃ የሚያገኙት በብርድ ወራት ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ውኃው አልቋል። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና ሰም የተቀባ የመሰለው ይህን ለመቻል ነው። በነሐሴ የሞተ የሚመስለው ቁጥቋጦ አልሞተም፤ ዝናብ እስኪመለስ እድገቱን አቁሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ የአበባውን ጊዜ በመስከረም አይፈልጉ። በታኅሣሥ ቶዮን ቀይ ፍሬውን አንጠልጥሎ ያገኙታል። በታኅሣሥና በጥር ማንዛኒታ ያብባል፣ ከየካቲት እስከ መጋቢት ሲያኖተስ ዳገቱን ነጭና ሰማያዊ ያደርገዋል። ግንቦት ላይ የዩካ ረጅም ነጭ የአበባ ዘንግ ከርቀት ይታያል፤ ይህ ዘንግ በጥቂት ሳምንታት ከሦስት ሜትር በላይ ይመዘዛል፣ ተክሉም ዘሩን ከሰጠ በኋላ ይደርቃል። በነሐሴና በመስከረም የዱር ባክዊት አበባ ወደ ዝገት ቀለም ይለወጣል። ጥቅምት የታራንቱላ ሸረሪት ጊዜ ነው። ወንዱ ሚስት ፍለጋ ከጉድጓዱ ወጥቶ አመሻሹ ላይ መንገድ ያቋርጣል፤ ሰው አይተናኮልም፣ ቆመው ያሳልፉት።

ከሰዓቱ ማለዳን ይምረጡ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ከቀሪው ቀን ይበልጣሉ። በግንቦትና በሰኔ ከባሕር የሚመጣው ጭጋግ እስከ ረፋድ ስለሚቆይ ወፎቹም እስከዚያ ይዘምራሉ። በነሐሴ እኩለ ቀን መሄድ ለጤናም አይበጅም፣ የሚታይም የለም፤ እንስሳቱ ሁሉ ጥላ ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛ፦ የሚያዘውና የሚፈራው

ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት አንድ ሊትር ውኃ ይያዙ፣ በሙቀት ከዚያ በላይ። ባርኔጣ፣ ረጅም ሱሪና ሽፍን ጫማ ያስፈልጋሉ። 8 በ42 የሚባለው (ስምንት ጊዜ የሚያጎላ) ባይኖኩላር ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው፤ ከሌለዎት ግን አይዘግዩ፣ አሥር ጊዜ የምታጎላ ትንሽ ማጉያ መስታወት በጥቂት ዶላር ይግዙና ይጀምሩ። ካርታውን በስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገሩ።

በዚህ ጥሻ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። አንደኛው ፖይዝን ኦክ የሚባለው ተክል ነው። የእኛ ሳማ በነካህበት ቅጽበት ያቃጥላል፣ ስለዚህ ወዲያው ትሸሸዋለህ። ይህኛው ግን ሲነኩት ዝም ይላል፤ ማሳከኩና ማበጡ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡ ቅጠሎቹ ምልክቱ ናቸው፤ የመካከለኛዋ ቅጠል ረዘም ያለ እንጥልጣይ (ከዘንጉ ጋር የሚያያይዛት እጀታ) አላት። በበጋ መጨረሻ ይቀላል፣ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል። ቅጠል አልባው እንጨት ያው መርዝ ስላለበት ጥላማ ቦታ ላይ የማያውቁትን ባዶ ቅርንጫፍ አይያዙ። ከነካዎ ቶሎ ብለው በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፣ ልብስዎንም ያጥቡ።

ሁለተኛው ራትልስኔክ ነው፤ ጅራቱ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ እባብ። ድምፁን ከሰሙ ባሉበት ይቁሙ፣ ያለበትን በዓይን ይፈልጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደኋላ ይበሉ። ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም፤ ስለዚህ እጅዎን ወደማያዩት የድንጋይ ስንጥቅ አይስደዱ፣ ግንድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ግንዱ ላይ ቆመው ከወዲያ ያለውን ይመልከቱ። ከነደፈ ወደ 911 መደወል ነው። መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል።

ሦስተኛው መዥገር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በመንገድ ዳር ባለው ሣር ጫፍ ላይ ሆኖ አላፊውን ይጠብቃል። ፈዛዛ ቀለም ያለው ሱሪ ይልበሱ፣ ጫፉን ካልሲዎ ውስጥ ይክተቱት። ቤት ሲገቡ ራስዎንም ልጆችንም ከጉልበት ጀርባ እስከ ፀጉር ሥር ይፈትሹ።

አራተኛ፦ ተክሎቹን በእጅና በአፍንጫ ይተዋወቁ

ከሰባት ተክሎች በላይ በአንድ ጊዜ ለማወቅ አይሞክሩ፤ እነዚህን ሰባት የለየ ሰው የዳገቱን አብዛኛውን ክፍል ያውቃል። ከአበባው ይልቅ ከቅጠሉ ይጀምሩ፤ አበባ ለሦስት ሳምንት ነው፣ ቅጠል ለዓመት። ማጉያውን ከዓይንዎ ጋር አስጠግተው ይያዙና ቅጠሉን ወደ ማጉያው ያቅርቡ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚያደርግ ምንም አይታየውም።

ሻሚስ። ከሁሉም በብዛት ያለው እርሱ ነው። ቅጠሉ ከጥፍር ያነሰ መርፌ ሲሆን ብዙ ብዙ ሆኖ በአንድ ነጥብ ላይ ተጠቅልሎ ይወጣል። ቅጠሉ ቅባት ስላለበት በቀላሉ ይነዳል። ከተቃጠለም በኋላ ከመሬት ሥር ያለው ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ማንዛኒታ። ስሙ በስፓኒሽ «ትንሽ ፖም» ማለት ነው። ቅርፊቱ ለስላሳና እንደ ተወለወለ ቆዳ ቀይ ስለሆነ ከርቀት ይታወቃል። መዳፍዎን ያሳርፉበት፤ በሙቀትም ቀን ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ ቅጠሎቹን ይመልከቱ፦ ብዙዎቹ እንደ ሌላው ዛፍ ወደ ሰማይ ተዘርግተው ሳይሆን በጠርዛቸው ቆመዋል። የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው ስስ ጠርዛቸውን ነው፣ ውኃም ብዙ አይተንባቸውም። በጥር አበባው ሲመጣ ወደ መሬት የተደፋች ትንሽ እንስራ ትመስላለች። የሰሜንን ወይም የባሌን ተራራ የወጣ ሰው ይህን አበባ ሲያይ አስታ ትዝ ሊለው ይገባል፤ ማንዛኒታና አስታ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፣ አስታ ደግሞ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በሚገኘው ተመሳሳይ ጥሻ ውስጥም ይበቅላል። አበባውን በማጉያ ሲያዩ ከሥሩ በኩል የተቀደደች ቀዳዳ ካገኙ የእንጨት ቦርቧሪ ንብ ሥራ ናት፤ በአፉ በኩል መግባት ስለማትችል በጎን ቀዳ ወለላውን ትመጥጣለች።

ሲያኖተስ። በየካቲት ዳገቱን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያዳብራሉ። መሬት ላይ የረገፉትን አበቦች በጥቂት ውኃ በመዳፍዎ ያሹ፤ አረፋ ይደፍቃሉ። እንዶድ ያየ ኢትዮጵያዊ አይደነቅም፣ ልጆች ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተክሉን አይረሱትም።

ላውረል ሱማክ። ቅጠሉ በመሐሉ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ እጥፍ ያለ ነው፣ የቅጠሉ እንጥልጣይ ቀይ። ሲታሽ አረንጓዴ ፖም ይሸታል። ውርጭ አይችልም። የድሮ ገበሬዎች ብርቱካንና አቮካዶ የሚተክሉበትን ቦታ ሲመርጡ ይህ ቁጥቋጦ በጤና የሚበቅልበትን ይፈልጉ ነበር። በክረምት ከብርዳማ ሌሊት በኋላ ሸለቆውን ይውረዱና ቅጠሉ የተለበለበበትን ከፍታ ይለዩ፤ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት እስከ የት ሞልቶ እንደ ነበር ያሳያል።

ቶዮን። ጥርሳም ጠርዝ ያለው ቅጠልና በታኅሣሥ የሚቀላ የፍሬ ዘለላ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሎስ አንጀለስ ከተማ ይፋዊ አገር በቀል ተክሏ አድርጋ መርጣዋለች። በታኅሣሥ ከእርሱ አጠገብ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ወፎች በመንጋ መጥተው ሲለቅሙት ያያል።

ጥቁር ሴጅ። ግንዱን በሁለት ጣት ያንከባልሉት፤ አራት ማዕዘን ነው። የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማ ከሴ ቤተሰብ ስለሆነ ነው፣ ሽታውም ይመሰክራል። ከአጠገቡ ብዙ ጊዜ ያ የእናቴ «አሪቲ»፣ ማለትም የካሊፎርኒያ አርቴሚዝያ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ዝቅ ባለውና ይበልጥ ደረቅ በሆነው ተዳፋት ይበረታሉ፣ በበጋም ብዙ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ።

በዚሁ ላይ ማወቅ የሚገባን መጤ ተክሎች አሉ፤ ሁለቱ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ ኮረብታው ቢጫ ሲለብስ የመስከረም አደይ አበባ የሚመስለው ሰው አለ። ያ ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ ሰናፍጭ ነው፤ ከአሮጌው ዓለም የመጣ፣ ከሰው በላይ አድጎ የአገሬውን ዘር የሚያፍን። በሸለቆ ውስጥ ሰፋፊ የእጅ መዳፍ የመሰለ ቅጠል ያለው ደግሞ ጉሎ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ጉሎ እዚህ ወራሪ ሆኗል። ጓሮዎ ውስጥ ካለ ዘሩ ወደ ሸለቆ ሳይፈስ ይንቀሉት፤ ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ከልጆች ያርቁት።

አምስተኛ፦ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ይበሉ

በጥሻ ውስጥ እንስሳ በመሄድ አይገኝም። ቅርንጫፉ ተቆላልፎ ዓይን ከሁለት ሜትር በላይ አያልፍም፣ እርስዎ ሲራመዱ ግን እንስሳቱ ሁሉ ይሰሙዎታል። ፀሐይን ወደ ጀርባ አድርገው ጥላ ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ፣ ስልኩን ዝም ያሰኙ፣ ሃያ ደቂቃ ይቆጥሩ። የመጀመሪያዎቹ ሰባትና ስምንት ደቂቃዎች ባዶ ናቸው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሣው በዚያ ሰዓት ነው፤ እባክዎ አይነሡ። ከዚያ በኋላ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ።

በጆሮ ይጀምሩ። ከጥሻው ውስጥ «ፒት… ፒት… ፒት፣ ፒት፣ ፒትፒትትትርርር» የሚል፣ ኳስ ወለል ላይ ተጥሎ እየነጠረ እየፈጠነ ሲሄድ የሚመስል ድምፅ ከሰሙ ሬንቲት የተባለችው ወፍ ናት። የቻፓራል ድምፅ ይሏታል። ግራጫና ቡናማ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ የምትይዝ፣ ዓይኗ ፈዛዛ የሆነ ትንሽ ወፍ። ወንዱና ሴቷ ዓመቱን ሙሉ፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ በዚያችው ክልል አብረው ይኖራሉ። ሙሉውን የሚያንከባልለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ያልፈጠኑትን ድምፆች ብቻ ትደጋግማለች። ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሰሙ ለመለየት ይሞክሩ። ድምፁን መቶ ጊዜ ሰምተው ወፏን አንድ ጊዜ ቢያዩ እንደ ትልቅ ቀን ይቁጠሩት።

ቅጠል ሥር የሚንኮሻኮሽ ከሰሙ እባብ ነው ብለው አይደንግጡ። ቶሂ የምትባለው ወፍ በሁለት እግሯ በአንድነት ወደኋላ እየዘለለች እንደ ዶሮ ትጭራለች። ረጅም እንደ ማጭድ የታጠፈ ምንቃር ያለውና በእርሱ አፈር የሚቆፍረው የካሊፎርኒያ ትራሸር ነው። በሦስት ድምፅ፣ መካከለኛውን ከፍ አድርጎ የሚጣራው ደግሞ የካሊፎርኒያ ድርጭት ነው፤ ግንባሩ ላይ የተደፋች ጥቁር ላባ አለችው፣ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የግዛቱ ወፍ ነው። መንጋው መሬት ላይ ሲለቅም አንዱ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ዘብ ይቆማል። መጀመሪያ ዘበኛውን ይፈልጉ፣ መንጋው ከሥሩ አለ። ሰማያዊው ስክራብ ጄይ የኦክ ፍሬ እየለቀመ አንድ በአንድ መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ሳይመለስባቸው የቀሩት ኦክ ይሆናሉ።

ፀሐዩ ድንጋዩን ሲያሞቅ እንሽላሊቶቹ ይወጣሉ። ሆዱን ከድንጋዩ ላይ እያነሣ እየጣለ ሲወዛወዝ የሚያዩት ወንድ የአጥር እንሽላሊት ነው፤ ለተቀናቃኙ ከሥር ያለውን ሰማያዊ ቀለም እያሳየ ነው። ይህ እንሽላሊት ለእኛም ባለውለታ ነው። ትንንሽ መዥገሮች ከእርሱ ደም ሲመጥጡ ደሙ በሆዳቸው ያለውን፣ «ላይም» የተባለውን መዥገር ወለድ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገድለዋል።

ስድስተኛ፦ ዱካ ይከተሉ

ትልልቆቹ እንስሳት ሌሊት ያልፋሉ፤ እኛ የሚደርሰን ዱካቸው ነው። ከዝናብ ማግሥት ጭቃው ሲጠጥር፣ ወይም በደረቅ ጊዜ መንገዱ ላይ ያለው አቧራ ለስላሳ ሲሆን፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የጎን ብርሃን እያንዳንዱን ኮቴ ጥላ ይሰጠዋል። ከፊት የጥፍር ነጥብ ያለው ሞላላ ዱካ የኮዮቴ (ቀበሮ መሰል የዱር እንስሳ) ወይም የውሻ ነው። ክብ ሆኖ ጥፍር የማይታይበት የድመት ወገን ነው፤ ትንሹ ቦብካት፣ ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋው የተራራ አንበሳ። ሁለት ጫፍ ያለው ሰኮና የአጋዘን ነው፤ በአቅራቢያውም እንደ ፍየል በጠጥ የመሰለ ነገር ያገኛሉ።

የኮዮቴ ኩስ ብዙውን ጊዜ መንገድ መሐል ላይ፣ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ነው፤ ለሌሎች ኮዮቴዎች ምልክት ነውና። በእጅ ሳይነኩ በእንጨት ገለጥ አድርገው ያዩት። በክረምት የቶዮን ፍሬ ዘር፣ በበጋ የማንዛኒታ ዘር፣ አብሮም የጥንቸል ፀጉርና የአይጥ አጥንት ይገኝበታል። ዘሩ የሚጓዘው በዚህ ሆድ ነው።

በኦክ ሥር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የጭራሮ ክምር ካዩ የጎርፍ ጥራጊ እንዳይመስልዎ። የዉድራት ቤት ነው። ይህች አይጥ እንጨት በእንጨት እየደረበች የምትሠራው ቤት የመኝታና የምግብ ማከማቻ ክፍሎች አሉት። አንዷ ስትሞት ሌላዋ ትወርሰዋለች፣ ስለዚህ ክምሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያድጋል። እንሽላሊትና ትንንሽ አይጦችም ተጠግተው ይኖሩበታል። ዙሪያውን ይመልከቱ፣ መግቢያዎቹን ይቁጠሩ፣ ግን አንድም ጭራሮ አያንሡ።

የተራራ አንበሳን የማየት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ካጋጠመ አይሩጡ፤ ፊት ለፊት እያዩት ክንድዎን ዘርግተው ትልቅ ይምሰሉ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፣ ልጅ ካለ ሳይጎነበሱ ያንሡት። ፒ-22 የሚል ስያሜ የተሰጠው ወንድ የተራራ አንበሳ ሁለት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎችን ተሻግሮ ግሪፊዝ ፓርክ ገብቶ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2022 ብቻውን ኖሯል። አሥር ዓመት ሙሉ ሚስት አላገኘም፤ ጎዳናው ዘግቶበት ነበር። በሞተበት ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ አጉራ ሂልስ ላይ በ101 አውራ ጎዳና አናት የሚያልፍ የእንስሳት መሻገሪያ ድልድይ ግንባታ ተጀመረ። ስለዚህ ዳገት የሚያስብ ሰው ሁሉ ያን ድልድይ በጉጉት ይጠብቃል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ሰባተኛ፦ የተቃጠለ ቦታ

እሳት የዚህ ጥሻ የሕይወት ክፍል ነው፣ የሚገድለውም እሳት ነው። የሚወስነው በሁለት እሳቶች መሐል ያለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የዉልዚ እሳት በሳንታ ሞኒካ ተራሮችና በአካባቢያቸው ወደ 390 ካሬ ኪሎ ሜትር አቃጥሏል፤ በጃንዋሪ 2025 የፓሊሴድስ እሳት ተከትሏል። እንዲህ ያለ ቦታ ከመሄድዎ በፊት መንገዱ መከፈቱን ከፓርኩ ያረጋግጡ፤ ዝናብ ሲጥል የተቃጠለ ዳገት ይናዳል።

ከተከፈተ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ከጥቁሩ ጉቶ ሥር የወጣ ቀንበጥ፤ ላውረል ሱማክ ከሁሉም ይቀድማል፣ ዝናብ ሳይጠብቅ በሳምንታት ውስጥ ያቆጠቁጣል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ጸደይ የሚፈኩ አበቦችን፤ ዘራቸው በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተኝቶ የሙቀቱንና የጭሱን ጥሪ የሚጠብቅ ዓይነቶች አሉ፣ ከዚያ ጸደይ በኋላም ዳግመኛ እሳት እስኪመጣ ላይታዩ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ በዘር ብቻ የሚተካውን የሲያኖተስ ችግኝ። ይህ ችግኝ አድጎ ዘር እስኪያከማች ዓመታት ያስፈልጉታል። ሳይደርስ ሁለተኛ እሳት ከመጣ ዘሩ ከዚያ ዳገት ይጠፋል፣ ቦታውንም መጤ ሣርና ሰናፍጭ ይይዙታል፤ እነርሱ ደግሞ በየዓመቱ ደርቀው ለቀጣዩ እሳት ማቀጣጠያ ይሆናሉ። ስለዚህ በተቃጠለ ቦታ ከመንገድ አይውጡ፤ አንድ እርምጃ ብዙ ችግኝ ትረግጣለች።

ስምንተኛ፦ ማስታወሻና ስልክ

አይናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ ተክልና እንስሳ ከፎቶ ለመለየት፣ ሜርሊን የተባለው ደግሞ የወፍ ድምፅ ለመለየት ይረዳሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ተክል ሲያነሡ አበባውን ብቻ አያንሡ። የቅጠሉን ላይና ታች፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን፣ መላ ቁመቱንም ያንሡ፤ አለበለዚያ የሚያውቅም ሰው ሊለይልዎ አይችልም። ሜርሊን የወፍ ስም ሲያሳይዎት ወፏን በዓይንዎ እስኪያዩ ወይም ድምፁን ራስዎ እስኪለዩ ድረስ እንደ ግምት ይያዙት። ወፍ ለመጥራት ብለው የድምፅ ቅጂ አያጫውቱ፤ ክልሏን ለመከላከል ጎጆዋን ትታ ትወጣለች።

በእነዚህ ፓርኮች ተክል መቁረጥ፣ ዘር መልቀም፣ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው። ነጭ ሴጅን በተለይ አስታውሳለሁ። ለቹማሽና ለቶንግቫ ሕዝቦች፣ የዚህ ምድር ቀደምት ባለቤቶች ለሆኑትና ዛሬም እዚሁ ለሚኖሩት፣ የተከበረ ተክል ነው። ለጭስ ተብሎ በየሱቁ ስለሚሸጥ ሌቦች ከዳገቱ በጆንያ ይቆርጡታል። ቤትዎን በጭስ ማጠን ከወደዱ እጣንና ከርቤ አለን፤ ነጭ ሴጅ ከፈለጉም ከችግኝ ጣቢያ ገዝተው በማሰሮ ይትከሉት።

ማስታወሻውን በወረቀት ይያዙ፣ በአማርኛ። ቀኑን፣ ሰማዩን፣ የጀመሩበትን ሰዓት፣ ያዩትንና ያልገባዎትን ይጻፉ። አንዱን ገጽ ከእኔ ደብተር ልገልብጥ፦

«የካቲት 9። ፀሐይ ከወጣች ግማሽ ሰዓት። ጭጋግ፣ ነፋስ የለም። ከድንጋዩ አጠገብ ያለው ሲያኖተስ ግማሹ ፈክቷል፤ ከ24 ቀን በፊት እንቡጥ ነበር። ማንዛኒታው አበባውን ጨርሷል፣ አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። ሬንቲት ሁለት፣ አንዱ ከላይ አንዷ ከሸለቆ፤ የታችኛዋ አላንከባለለችም፣ ሴት ትሆናለች። የዉድራቷ ቤት አዲስ የሴጅ ቅርንጫፍ ተጨምሮበታል፣ ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው። በመታጠፊያው ላይ ጥፍር የሌለው ክብ ዱካ፣ አራት ተኩል ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ የሚሄድ። ሲመለስ የት ወረደ? በሚቀጥለው እሑድ ከላይኛው በኩል ልፈልግ።»